አገርን ጎንበስ ብሎ የሚያይ ልጅ

ሰው ውጭ አገር ሄዶ ከተመለሰ ይጠረጠራል። እኛ ቤት ነገሩ እንደዚያ ነው። ለሥራ የሄደ ይቀራል፤ ለትምህርት የሄደ ይቀራል፤ ለሕክምና የሄደው እንኳ ድኖ ይቀራል። ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወጥቶ፣ ያንኑ ሻንጣ አንጠልጥሎ ከች የሚል ሰው ግን ምን ይባላል? “ለእረፍት ሄጄ ነበር” ይላችኋል። እረፍት! አልጋ እዚህ ጠፍቶ ነው?

እንግዲህ ስለ እህቴ ልጅ ላወራችሁ ነው። ደስ እያለኝ ነው የማወራው፤ ለጥርጣሬ እንደሱ የሚመች ሰው በዕድሜዬ አላጋጠመኝማ!

ሥራው ሴራሚክ ማንጠፍ ነው። ሰፈሩ “ውሃ ልክ” ይለዋል። ውሃ ልክ ያው ወለል መስተካከሉን የሚያዩበት፣ መሃሉ ላይ አረፋ የምትዋልልበት ዘንግ ነው። ስሙ የወጣለት ግን ዘንጉን ከእጁ ስለማይለይ ብቻ አይደለም። ሰው ቤት ሲገባ “እንደምን ዋላችሁ” ብሎ ሳይጨርስ ዓይኑ ከበሩ እስከ ግድግዳው ጥግ ሮጦ ተመልሷል። አንድ ጊዜ ለልቅሶ በሄድንበት ቤት ሰው ሁሉ እንባውን ሲጠርግ፣ እሱ ወለሉን በተረከዙ መታ መታ አደረገና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ “አክስቴ፣ ከሥሩ ባዶ ነው፤ ይሄ ዓመት አይቆይም” አለኝ። ቆንጥጬ ዝም አሰኘሁት።

ሠላሳ አልሞላውም። አይጠጣም፣ አያጨስም፣ መኪና አልገዛም፣ ሚስት የለችውም። አንድ ትልቅ ሥራ ባለቀ ቁጥር ቦርሳውን ያነሳና ይሄዳል። ሳምንት፣ ሲበዛም ሁለት ሳምንት ጠፍቶ ይመጣል። መጀመሪያ የሄደ ጊዜ ቀረ ብለን አለቀስን። ሲመለስ ደግሞ ደነገጥን። ታላቅ ወንድማችን ጋሼ፣ ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሮ አሁን ጡረታ የወጣ ሰው ነው፣ “አባረውት ነው” አለ። ሁለተኛ ሄዶ ሲመለስ “ደግመው አባረሩት” አለ። ሦስተኛው ላይ ግን ሐሳቡን ቀየረ። “ይሄ ልጅ ከከተማ አልወጣም። አንድ ቦታ ሴት አለችው፤ እሷ ቤት ነው የሚከርመው” ብሎ ፈረደ። “ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥም አይጠፋ ስንጥር” የሚለውን ተረት ጋሼ የሚተርተው ራሱ ያወጣው አስመስሎ ነው።

እኔስ ብትሉ፣ እኔ ላውንደሪ ቤት ባንኮኒ ላይ ልብስ ተቀባይ ነኝ። ልብስ ማሽን ውስጥ ከመግባቱ በፊት ኪሱ ይገለበጣል፤ አንድ የተረሳ እስክሪብቶ የስንቱን ሸሚዝ ጉድ ይሠራል! ስለዚህ የሰው ኪስ ስፈትሽ ነው የኖርኩት። መጠርጠር ለእኔ አመል ሳይሆን እንጀራዬ ነው።

ከሦስተኛው ጉዞ በተመለሰ በእሑዱ፣ ከሰዓት በኋላ እትዬ ቤት ተሰበሰብን። እትዬ ታላቅ እህቴ፣ የልጁ እናት ናት። ባሏ ካረፈ ወዲህ ከቤቷና ከገበያ በቀር እግሯ የትም አይረግጥም፤ ጉልበቷም ያማታል። ልጁ ስልኩን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘና፣ “በሉ፣ ከሁሉ የወደድኳቸውን ቦታዎች ላሳያችሁ” አለ። ጋሼ መነጽሩን አጠለቀ። እኔም ጆሮዬን አቆምኩ።

የመጀመሪያው ፎቶ መጣ። ወለል ነው።

“ቆይ ቆይ” አለ ጋሼ። “ስልክህ ወድቆብህ ነው ያነሳው?”

“አይደለም ጋሼ። ይሄ የወደብ ከተማው ነው። የዓሣ ገበያው።”

“ዓሣው የታለ?”

“ዓሣው ከላይ ነው።”

“ዓሣ ደግሞ ከላይ ምን ይሠራል?”

“ጠረጴዛ ላይ ማለቴ ነው። ይልቅ ይሄን ይመልከቱ። ጠዋት ጠዋት በውሃ ያጥቡታል፤ ውሃው ግን የትም አይቋጥርም። ወለሉ ወደ መሃል ዘንበል ብሎ ነው የተሠራው። በዓይን አይታይም፣ ሲራመዱበትም አይታወቅም። የሚያውቀው ውሃው ብቻ ነው።”

“ውሃው ብቻ ነው የሚያውቀው” አለ ጋሼ ወደ እኔ ዞሮ። “ምስክሩ ውሃ ነው። ሰማሽ?”

ቀጥሎ የባቡር ጣቢያ መጣ፤ እሱም ወለል ነው። ጥቁርና ነጭ ድንጋይ፣ ዙሪያውን ቀይ መስመር የከበበው፣ መሃሉ ላይ ትልቅ ኮከብ። ከዚያ “ደሴት ነው” አለን፤ የጠጠር ምንጣፍ ነው። ጠጠሮቹን በጠርዛቸው አቁመው ግቢውን ሙሉ እንደ ዓሣ ቅርፊት ደርድረውታል። “ቀትር ላይ ልጆቹ እላዩ ላይ ይተኛሉ፤ ይቀዘቅዛል። እኔም ተኝቼበታለሁ፤ ስነሳ ጀርባዬ ሁሉ ጠጠር ታትሞበት ነበር” አለ። ልጆቹ ግን ፎቶው ላይ የሉም። ከዚያ ቤተ መንግሥት ነው አለን፤ የሠራተኞች መግቢያ በር ወለል ነው። በዚህኛው ፎቶ ጥግ ላይ የጫማ ጫፍ ብቅ ብላለች። ጋሼ ከተቀመጠበት ተነሳ።

“አቁም! የማን ጫማ ነው?”

“የኔ ነው ጋሼ።”

“የሴት ይመስላል።”

“አርባ ሦስት ቁጥር እኮ ነው!”

“ትልቅ ሴት ናታ!”

በሳቅ ሞትን። እትዬ ግን ፈገግ ከማለት አላለፈችም። “ባሕሩስ የኔ ልጅ?” አለች ቀስ ብላ። “ባሕሩን አላነሳኸውም?”

“ባሕሩን ማንም ያነሳዋል እማዬ።”

ጋሼ በዓይኑ ጠቀሰኝ። ገብቶኛል። ያ ወለል የትም ሊሆን ይችላል። ከሁለት መንገድ ማዶ ያለው ባንክም ወለል አለው፤ የጥርስ ሐኪሙ ቤትም ወለል አለው። “ላም አለኝ በሰማይ” ብሎ አጉተመተመ ጋሼ። ልጁ አልሰማውም ወይም እንዳልሰማ ሆነ። ስልኩን ነቀለና ለሁላችንም ፎቶዎቹን ላከልን። ከዚያ ልክ ጨው አቀብሉኝ እንደሚል ሰው ሆኖ እንዲህ አለ፦

“በሚቀጥለው ብቻዬን አልሄድም። እማዬን ይዣት ነው የምሄደው፤ ወደብ ከተማው ጋ። ፓስፖርት ታውጣ።”

እትዬ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች። ተከተልኳት። ድምፃችን ሳሎን ድረስ እንዳይሰማ የውሃውን ቧንቧ ከፈተችና ክንዴን ያዘች።

“አንቺ ኪስ ታውቂያለሽ” አለችኝ። “አጣሪልኝ።”

“ምኑን?”

“ልጄ እውነቱን ነው? እውነት ሄዶ ከሆነ እሄዳለሁ። አንቺ ‘እውነት ነው’ ካልሽኝ ነገውኑ ሻንጣ እገዛለሁ። ውሸት ከሆነ ግን ወዴት ነው የሚወስደኝ? ለምን? እናቱን ዓይኗን እያየ ከዋሸ ሁለተኛ አላምነውም፤ እስክሞት።”

ተመልከቱልኝ እንግዲህ። የእናትና የልጅ መተማመን እኔ ምላስ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ፈራሁ። አልዋሽም፣ ትንሽ ደስም አለኝ።

ሥራዬን ሰኞ ጀመርኩ። እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው፤ ልጁ ራሱ የጉዞ ጃኬቱንና ሱሪውን ይዞልኝ መጣ! “አክስቴ፣ እጠቢልኝ” ብሎ ባንኮኒው ላይ ጣል አድርጎ ወጣ። በሩ እስኪዘጋ እንኳ አልጠበቅኩም። የጃኬቱን ኪስ ገለበጥኩት። ባዶ። የውስጡን ኪስ። ባዶ። ሱሪው። ባዶ። የማስቲካ ወረቀት የለ፣ ሳንቲም የለ፣ ኪስ ውስጥ የሚጠራቀመው ያ ብናኝ እንኳ የለ። የኪስ ነገር ለእኔ ይተውልኝ፤ ምንም የማይደብቅ ሰው ኪሱ ቆሻሻ ነው። ኪሱን ያጸዳ ሰው አስቦበታል።

ልብስ የምትተኩሰው ባልደረባዬ በእንፋሎቱ መሃል አንገቷን አስግጋ፣ “ምን አገኘሽ?” አለችኝ።

“ምንም።”

“ምንም ምንም?”

“ምንም።”

“አለቀለት በዪው!” አለች። “የኔም ባል እንደዚህ ነው የጀመረው።”

ከዚያ የሱሪውን እግር እጥፋት ስዘረጋው አሸዋ ዝርግፍ አለ። ነጭ፣ ደቃቅ አሸዋ! እዚያው ቆሜ ለጋሼ ደወልኩ።

“ጋሼ፣ አሸዋ አገኘሁ! ነጭ ነው! የባሕር ዳርቻ አሸዋ ነው መሰለኝ!”

“አንቺ” አለኝ ጋሼ፣ “የልጁ ሥራ ምንድን ነው?”

አፌን ያዝኩ። ሴራሚክ አንጣፊ ሱሪ ላይ አሸዋ ማግኘት ዳቦ ጋጋሪ ሱሪ ላይ ዱቄት ማግኘት ነው። በወረቀት ጠቅልዬ ያኖርኩትን አሸዋ ወስጄ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ደፋሁት።

ቀጥሎ የቀረኝ እሱ የሚሠራበት ቦታ መሄድ ነበር። አዲስ የሚከፈት ሆቴል ወለል እየሠራ መሆኑን አውቃለሁ። ሰበብ እንዲሆነኝ የታጠበውን ጃኬት በላስቲክ ሸፍኜ፣ በመስቀያው አንጠልጥዬ ሄድኩ። መግቢያው ላይ አንድ ለሳኝ መሰላል ላይ ተሰቅሎ ጣሪያውን ይለስናል። የውሃ ልክ አክስት መሆኔን ስነግረው ከላይ ሆኖ ጮኸ።

“እናቴ፣ በጣውላው ላይ ይሂዱ! ወለሉን የረገጡት እንደሆነ አክስቴ ናት አይልም፤ ፉጋው ውስጥ ነው የሚቀብርዎት!” ፉጋ የሚሉት በሴራሚኩና በሴራሚኩ መሃል የሚሞሉትን ነው።

የእህቴ ልጅ ከአዳራሹ ጥግ፣ ጉልበቱ ላይ የጎማ መከላከያ አስሮ ተንበርክኳል። አንዱን ድንጋይ ያስቀምጣል፤ በጎማ መዶሻ ቱክ ቱክ ያደርገዋል፤ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል፤ እንደገና ያነሳዋል። ሐኪም ደረት ሲያዳምጥ ነው የሚመስለው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቆሜ ባየሁት። እኔ ግን ለዚያ አልመጣሁም፤ ወለሉን አየሁት።

ክው አልኩ።

ጥቁርና ነጭ ድንጋይ ነው። ዙሪያውን ቀይ መስመር ከቦታል። መሃሉ ላይ ትልቅ ኮከብ አለ።

ስልኬን አወጣሁ። ባቡር ጣቢያ ብሎ የላከልንን ፎቶ ከፈትኩ። ኮከቡ ራሱ ነው፣ መስመሩ ራሱ ነው። ጋሼ ምን አለ? ከከተማ አልወጣም! እዚሁ ሠርቶ፣ እዚሁ ጎንበስ ብሎ አንስቶ፣ እኛን ቴሌቪዥን ፊት ደርድሮ ሲያጃጅለን ከረመ! ጣውላው ላይ እንደቆምኩ፣

“ባቡሩ ስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?” አልኩት።

ቀና አለ። “የቱ ባቡር?”

“ባቡር ጣቢያ አይደለም እንዴ ይሄ? ለመሳፈር ነው የመጣሁት።”

“ባቡሩማ ዘገየ እናቴ” አለ ለሳኙ ከላይ። “ሲሚንቶ አልቆበት ነው።”

ልጁ አልሳቀም። ስልኬን አየ፤ ወለሉን አየ፤ እኔን አየ። “ስትሰልዪኝ ነው የከረምሽው?” አለ።

“እኔ ምን አገባኝ? እናትህ ናት ያለችኝ።”

አፌ ቀደመኝ። መናገር አልነበረብኝም። ለሳኙ እንኳ የልስን ማንኪያውን አቆመ።

“እማዬ?” አለ ልጁ። “እማዬ ነች አጣሪልኝ ያለችሽ?”

የጃኬቱን ላስቲክ ማስተካከል ያዝኩ። ያ በቃው። “ጃኬቱን ምስማሩ ላይ ስቀዪው” አለና ወደ ሥራው ጎንበስ አለ። ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ አላየኝም። መዶሻው ግን ቱክ ቱክ አላለም፤ እንዲሁ በእጁ ይዞት ቀረ።

አውቶቡስ ውስጥ መስኮት ጥግ ተቀመጥኩ። ያዝኩት እያልኩ ነበር። ያዝኩት! ለእትዬ እንዴት ብዬ እንደምነግራት ቃል እየመረጥኩ ፎቶውን ደግሜ አወጣሁት፤ ለማሳየት እንዲያመቸኝ በጣቴ ጎተት አድርጌ አሰፋሁት። በአንደኛው ጠርዝ የበር መድረክ ይታያል። ከበሩ ፊት ለፊት ድንጋዩ ጎድጉዷል። እንደ ማንኪያ። ከኮከቡ ጫፎች ደግሞ በበሩ በኩል ያሉት ደብዝዘዋል፤ ጥቁሩ ግራጫ ሆኗል። የሌሎቹ ጫፎች ጥቁረት እንዳለ ነው።

እንግዲህ ይሄ የኔ ሙያ ነው! ኮሌታ ስንት ጊዜ አይቻለሁ! አዲስ ሸሚዝ እና የተለበሰ ሸሚዝ አንድ ዓይነት ጨርቅ፣ አንድ ዓይነት ቀለም ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንገት የነካው ግን ይታወቃል። ኮሌታ የሚያልቀው ዙሪያውን እኩል አይደለም፤ አንገት በሚዞርበት በኩል ነው። ይሄን ድንጋይ ሰው ጨርሶታል። ከበሩ ገብቶ፣ እዚያች ቦታ ላይ ዞሮ፣ የሄደ ብዙ ሰው፣ ለብዙ ዘመን። የሆቴሉን ወለል ግን እኔ እንኳ እንዳልረግጠው በጣውላ ነው የተሻገርኩት! ማንም ያልረገጠው ወለል እንዴት ብሎ ያልቃል?

“ወራጅ!” አልኩ። ሾፌሩ ገና አሁን መሳፈሬን አይቶ ኖሮ በመስታወት ገላመጠኝ። ወርጄ መንገዱን ተሻገርኩና በሚመለሰው አውቶቡስ ተመለስኩ።

ሆቴሉ ስደርስ ሠራተኞቹ ለምሳ አርፈዋል። ልጁ የተደፋ ባልዲ ላይ ብቻውን ተቀምጧል፤ ዳቦውን ይዞታል እንጂ አልበላውም።

“ወለሉ አልቋል” አልኩት ገና ትንፋሼ ሳይመለስ።

“የቱ?”

“የፎቶው። በሩ ጋ አልቋል። ሰው በእግሩ ጨርሶታል። የዚህኛው ግን አዲስ ነው።”

ቀስ ብሎ ቀና አለ። “አየሽው?”

“አየሁት እንጂ! ምን፣ ዓይን የለኝም?”

“ማንም እኮ አይቶት አያውቅም” አለ። “ለባለ ሆቴሉ አሳየሁት፤ ‘ቆንጆ ነው፣ እንዲህ አድርገህ ሥራልኝ’ አለ። ያለቀችውን ቦታ አላያትም።” ባልዲ ፈልጎ ገለበጠልኝና ተቀመጥኩ። “ከሄድኩባቸው ሁሉ አንደኛ የምወደው እሱን ነው። ቀኑን ሙሉ ዘነበ፤ ባቡሩ ቀረ። ሌሎቹ ተበሳጩ፤ እኔ ግን ጥግ ይዤ ሰው ሳይ ዋልኩ። ወታደሩም፣ አሮጊቷም፣ ሻንጣ የሚጎትተውም ከበር ገብቶ እዚያች ጎድጓዳ ላይ ነው የሚዞረው። ማንም አይዘላትም፣ ማንም አያያትም። ማምሻውን ስወጣ እኔም እሷው ላይ ዞርኩ። ከወጣሁ በኋላ ነው የታወቀኝ።”

“እሺ፣ ቀናስ ብለህ ለምን አታይም? ሕንፃው አለ፣ ሰማዩ አለ፣ ባሕሩ አለ!”

“አያለሁ እኮ አክስቴ። ግን ሰው አገር ቀና ስል ሁሉም የነሱ ነው። ፎቁም፣ ሐውልቱም፣ ቋንቋውም። ይጨንቀኛል፤ መንገድ ይጠፋብኛል። ጎንበስ ስል የማውቀውን ነገር አገኛለሁ። ይሄን ያነጠፈው ሰውዬ ማታ ጉልበቱ የቱ ጋ እንዳመመው አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ ነው ቀና ማለት የምችለው።”

ጥርጣሬ እንዲህ በቀላሉ አይለቅም፤ አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር። “ኪስህስ? ለምን ባዶ ሆነ?”

“አንቺ ጋ በሚሄድ ልብስ ኪስ ውስጥ ዕቃ የሚተው ማን ነው? መላው ሰፈር እኮ ያውቅሻል!”

“ሴትስ የለችም?”

“አርባ ሦስት ቁጥር የምትጫማ ሳገኝ እነግርሻለሁ።”

ሳቅን። ግን ሳቁ ቶሎ አለቀበት። “እማዬ ግን...” አለና ዳቦውን ወደ ላስቲኩ መለሰው። ነገሩን አልጨረሰውም።

በቀጥታ እትዬ ጋ ገሰገስኩ። ሶፋው ላይ ተቀምጣ አንሶላ ታጥፋለች። ከበር ሆኜ፣ “እውነት ነው!” አልኳት። “ልጅሽ አልዋሸሽም! እልል በዪ!”

እልል ልትል ቀርቶ የአንሶላውን ጫፍ አልለቀቀችም። “እርግጠኛ ነሽ?”

“እርግጠኛ ነኝ።” ኮከቡን፣ ኮሌታውን፣ አውቶቡሱን፣ ሁሉን ነገርኳት።

“ደግመሽ አጣሪ” አለች።

“ከዚህ በላይ ምን ላጣራ? ወለሉ አልቋል እያልኩሽ!”

“ፎቶ ምኑ ይታመናል? ዛሬ በስልክ የማይሠሩት ምን አለ?”

አየኋት። አንሶላውን አጥፋ ጨርሳ እንደገና ዘረጋችው፤ እንደገና ማጠፍ ጀመረች። ይሄኔ ነው ከልጁ ላይ ያነሳሁት ጥርጣሬ ሌላ ማረፊያ ያገኘው።

“እትዬ” አልኳት። “አንቺ ውሸት ቢሆንልሽ ነበር የምትወጂው።”

አንሶላውን ጭኗ ላይ ጣለችው። “ውሸት ቢሆን ቤቴ እቀመጥ ነበር” አለች። “ተቀይሜው፣ አኩርፌው፣ ቤቴ እቀመጥ ነበር። አሁን ምን ብዬ ነው የምቀረው?”

“ለምንስ ትቀሪያለሽ?”

“ባለፈው ክረምት እዚሁ ደጄ ላይ አዳልጦኝ ወደቅኩ። ለማንም አልተናገርኩም። አንድ የማላውቀው ሰውዬ ነው ያነሳኝ፤ ቀሚሴ ተገልቦ፣ ጫማዬ አንዱ እዚያ፣ አንዱ እዚህ። ከዚያ ወዲህ ከቤት ስወጣ ሌላ ነገር አይታየኝም፤ መሬት መሬቱን ነው የማየው። ይሄን ይዤ ሰው አገር ሄጄ፣ እርጥብ ገበያ መሃል ልዘረጋልሽ? ልጄን ላሳፍር?”

“ለሱ ብትነግሪውስ?”

“ይሄ ለልጅ ይነገራል?”

ለልጁ የማይነገረውን ለኔ ስትነግረኝ ምን ፈልጋ እንደሆነ አልገባኝም። ምን እንደምላት ሳስብ ልጁ ራሱ ከሥራ መጣ። እንደሌላው ቀን እናቱን አልሳመም። በሩ ላይ ቆሞ፣ ጫማውን ሳያወልቅ፣

“ፓስፖርቱ ይቅር እማዬ” አለ። “ካላመንሽኝ ይቅር። እኔ ሌላ ነገር...”

“ያ የዓሣ ገበያ” አለች እትዬ አቋርጣው። ዓይኗ አንሶላው ላይ ነው። “በውሃ ያጥቡታል ብለሃል።”

“አዎ።”

“ያዳልጣል?”

ልጁ እኔን አየ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ከዚያ ጫማውን አወለቀና አጠገቧ መጥቶ ተቀመጠ፤ ስልኩን አወጣ።

“አያዳልጥም” አለ። “ይሄውልሽ፣ ላዩን በመሮ ወግተውታል፤ ሸካራ ነው። በባዶ እግርሽም ብትሄጂ ይይዝሻል። አሮጊቶች እየገዙ የሚዞሩት በነጠላ ጫማ ነው። የሚያስቸግረው የምናርፍበት ቤት መግቢያ ነው፤ እሱ እንደ መስታወት ነው። እዚያ ክንዴን ትይዣለሽ።”

“ደረጃ አለው?”

“አለው። ዝቅ ዝቅ ያለ ነው፤ መደገፊያውም በቀኝ በኩል ነው። ያኛው ጉልበትሽ አይደል የሚያምሽ?”

“አየር ማረፊያውስ?”

“የኛው ያብረቀርቃል እንጂ ደረቅ ነው። የነሱ በሆነ ቦታ ምንጣፍ አለው፤ ምንጣፉ የሚያልቅበት ጋ ጠርዙ ትንሽ ተነስቷል፤ እነግርሻለሁ።”

“እሺ፣ ከዚያስ? ወደ ባሕሩ የሚወስደው?”

ከበር እስከ በር፣ ከእግረኛ መንገድ እስከ መሻገሪያ፣ እሷ ትጠይቃለች፣ እሱ ይመልሳል። በዕድሜው እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ፊቱን ብታዩት! እኔ ቦርሳዬን አንስቼ ስወጣ አንዳቸውም አላዩኝም።

ሄዱ። ጋሼ አየር ማረፊያ በር ድረስ ሸኝቶ፣ “ሻንጣዋ ለምንድን ነው እንዲህ የከበደው? ልትቀር ነው!” እያለ እያጉረመረመ ተመለሰ። የቤቷን ቁልፍ ለኔ ነው የሰጠችኝ፤ አበቦቿን ውሃ አጠጣለሁ። ጋሼም የሚያጠራጥር ነገር እንዳያመልጠው ብሎ ይመስለኛል፣ አብሮኝ ይመጣል።

አንድ ቀን ባልዲውን ይዤ ደጅ ቆሜ ሳለ ስልኬ ጮኸ። እትዬ ናት፤ ታንሾካሹካለች።

“አንቺ፣ ትሰሚኛለሽ? ቁርስ በነጻ ነው ይላሉ።”

“ታዲያ ብዪ!”

“በላሁ። ድገሚ አሉኝ። ደገምኩ። ሴትዮዋ ዝም ብላ ትስቅልኛለች። ምን ፈልጋ ነው?”

“ምንም አልፈለገችም፤ ሥራዋ ነው።”

“ፎጣም በየቀኑ ይቀይራሉ። ምን አድርጌበት መስሏቸው ነው?”

“መግቢያው ላይስ? አላዳለጠሽም?”

“እሱንማ ክንዱን ይዤ አለፍኩት። ዛሬ ግን ረስቼው ብቻዬን ነው የወጣሁት።”

“ባሕሩስ? አየሽው ባሕሩን?”

“ኧረ ውሃው ቀዝቃዛ ነው!” አለች። ከኋላዋ የልጁ ድምፅ ጠራት። “መጣሁ! መጣሁ!” ብላ ጮኸችና ስልኩ ተዘጋ።

ጋሼ ደረጃው ላይ ተቀምጦ በዓይኑ ሲጠብቀኝ ነበር። “ምን አለች?”

“ውሃው ቀዝቃዛ ነው አለች።”

ጋሼ መነጽሩን አወለቀ። በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። መልሶ አጠለቀና ትክ ብሎ አየኝ።

“ቀዝቃዛ መሆኑን” አለ፣ “በምን አወቀች?”